የጎጃም ደጋ ቅሪተ አካል የት ገባ?

በብቸናና በሞጣ መካከል ያለችው ጉንደ ወይን፣ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ መቀመጫ፣ በጥቁር አፈርና በጥቁር ድንጋይ ላይ የቆመች ከተማ ናት። ክረምት ሲገባ ዋልካው ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ የሰው እግርም የበሬ ኮቴም ይይዛል። ዝናቡ አባርቶ ጤፉ ከታጨደ በኋላ ያው መሬት ይደርቅና ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ከማሳ የተለቀመው ድንጋይ በየድንበሩ ተክቧል፤ የቤት መሠረትም፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥርም፣ እርከንም የሚሆነው እሱው ነው። ይህን ድንጋይ ሰብሮ ውስጡን የሚያይ ሰው ደቃቅ ጥቁር ገጽ ያገኛል፤ አልፎ አልፎም አረንጓዴ ቅንጣት ወይም ነጭ ማዕድን የሞላው ትንሽ ቀዳዳ። ዛጎል የለውም፤ አጥንት የለውም፤ የቅጠል ምልክትም የለውም። በሰሜን በኩል መሬቱ ተቆርሶ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ማዶው ደቡብ ጎንደር ነው። በደቡብ ምዕራብ ደግሞ ጮቄ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ደመና ያቆማል። ሜዳው፣ ካቡና ተራራው ሁሉ ከአንድ ምንጭ፣ ከእሳተ ገሞራ የመጡ ናቸው።

ስለ ኢትዮጵያ ቅሪተ አካል ሲወራ የእንዲህ ያለ አገር ስም አይነሳም። የሚነሳው አፋር ነው። ሉሲ ወይም ድንቅነሽ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ ተገኘች፤ ዕድሜዋ ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። ሰላም የተባለችው የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ሕፃን በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የምርምር ቡድን ዲኪካ ላይ ተገኘች፤ የ4.4 ሚሊዮን ዓመቷ አርዲም የአዋሽ ሸለቆ ልጅ ናት። ተማሪውም አስጎብኚውም የሚያውቀው ካርታ ይኸው በመሆኑ፣ ጥንታዊ ሕይወት በቆላው የነበረ፣ ደጋው ግን ኋላ ሰው ወጥቶ የሰፈረበት ታሪክ አልባ ድንጋይ መስሎ ይታያል። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ካርታው ተሳስቶ ተነቧል የሚል ነው። ቅሪተ አካል የሚገኝበት ቦታ ሕይወት የበዛበት ቦታ ሳይሆን የሞተ ነገር በወጉ የተቀበረበት ቦታ ነው። ስለዚህ የዐለት ዝምታ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ፍጡሩ በአካባቢው ስላልነበረ፣ ሌላው ፍጡሩ ኖሮ ዐለቱ ሊይዘው ስላልቻለ። የጎጃም ደጋ ዝምታ ሁለተኛው ነው። ይህንንም የምንለው በግምት አይደለም፤ ከላዩ ድንጋይ በታች ያለውንና በድንጋዩ ንብርብሮች መካከል የተያዘውን አይተን ነው።

መጀመሪያ አንድ በሬ በጉንደ ወይን መስክ ላይ ቢሞት ምን እንደሚሆን እንይ። ጅብ በአንድ ሌሊት አብዛኛውን ይጨርሰዋል፤ የተረፈውን ጥንብ አንሣና ውሻ ይለቅሙታል። የቀረው አጥንት ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቁበት ይሰነጣጠቃል። አጥንት ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲንና ከካልሲየም ፎስፌት ማዕድን የተሠራ ነው፤ ፕሮቲኑን ባክቴሪያና ፈንገስ ይበሉታል፣ የማዕድኑን ዕድሜ ግን የሚወስነው ያረፈበት አፈር ነው። ዋልካ ላይ ከሆነ በየዓመቱ ያ አፈር ሲያብጥ ይጨመቃል፣ ሲሰነጠቅ ይወድቃል፣ የላዩ አፈር ወደ ታች፣ የታቹ ወደ ላይ ሲገላበጥ አብሮ ይፈጫል። ከፍ ብሎ በጮቄ ተዳፋት ባለው ቀላ ያለ አፈር ላይ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጠላት አለው። ለዘመናት የወረደው ዝናብ ካልሲየሙን ከአፈሩ አጥቦ ስለወሰደው መሬቱ አሲዳማ ሆኗል፤ አሲድ የአጥንትን ማዕድን ያሟሟል። የጎጃም ገበሬ ይህን አሲድ በደንብ ያውቀዋል፤ ገብሱንና ስንዴውን ያቀጨጨበት እሱ ነውና፣ የግብርና ባለሙያዎችም መሬቱን በኖራ እንዲያክም ይመክሩታል። ምርት የሚነሳው አሲድ የሞተውንም ታሪክ ይበላል። በዚህ ደጋ ላይ ስንት ትውልድ ሰውና ከብት ኖሮ አልፏል፤ አብዛኛው ግን አፈሩ ውስጥ ምንም አልተወም። ትናንት የነበረውን እንዲህ የሚያጠፋ መሬት የሚሊዮን ዓመት አጥንት አልሰጠም ብሎ በሕይወት አልባነት መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

የሞተ ነገር ቅሪተ አካል እንዲሆን ከዚህ ሁሉ በፍጥነት ማምለጥ አለበት፤ ማምለጫውም መቀበር ነው። ደለል፣ አሸዋ ወይም የእሳተ ገሞራ አመድ ቶሎ ሲሸፍነው አውሬው አያገኘውም፤ አየር የማይደርስበት ጭቃ ውስጥ ከሆነም አብዛኛው አብስባሽ ተሐዋሲ ሥራውን ያቆማል። ከዚያ በኋላ ዋናው ሠራተኛ የከርሰ ምድር ውኃ ነው። ውኃው የሟሟ ማዕድን ተሸክሞ በአጥንቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች እየገባ ማዕድኑን ያስቀምጣል፤ ቀስ በቀስም አጥንቱ ቅርጹን ሳይለቅ ይከብዳል፣ ድንጋይ ይሆናል። እንጨት በአመድ ሲቀበር ከአመዱ የሟሟው ሲሊካ በሕዋሶቹ ውስጥ ገብቶ ይጠነክራል፤ ከሚሊዮኖች ዓመታት በኋላ በማጉያ መነፅር የዛፉን የውኃ ቧንቧዎች አንድ በአንድ መቁጠር የሚቻለው ለዚህ ነው። ቅጠል በሐይቅ ጭቃ ሲጫን ፈሳሹና ጋዙ ይወጣና ጅማቱ ሁሉ የሚታይበት ስስ የካርቦን ገጽ ይቀራል። ዛጎል ደግሞ እንደ ተሠራበት ማዕድን ዕጣው ይለያያል። ካልሳይት የሆነው ሳይነካ ይቆያል፤ አራጎናይት የሆነው ሟሙቶ ይጠፋና በጠነከረው ጭቃ ላይ ሰም ላይ እንዳረፈ ማሕተም ቅርጹን ብቻ ይተዋል። በነዚህ መንገዶች ሁሉ የማይቀር አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ። መሬቱ ደለል የሚቀበል፣ ማለትም ዝቅ እያለ የሚሞላ መሆን አለበት።

አፋርን የታደገው ይህ ነው። የስምጥ ሸለቆው ወለል እየተሰነጠቀ ዝቅ ሲል፣ ከደጋው የሚወርዱ ወንዞች ደለላቸውን አፈሰሱበት፤ ሐይቅ ተኝቶ ደረቀ፣ ተመልሶም ተኛ፤ በየመካከሉ እሳተ ገሞራ አመድ አለበሰው። ለሚሊዮኖች ዓመታት የተቀበረውን ያን ሁሉ፣ መሬቱ ደግሞ ሲሰነጠቅና ሲሸረሸር መልሶ አወጣው፤ ዕፅዋት የሌለበት ምድረ በዳ በመሆኑም የወጣው ሁሉ ለዓይን ይጋለጣል። ጎጃም ተቃራኒው ነው፤ ደለል የሚቀበል ሳይሆን ደለል የሚሰጥ አገር ነው። ከጮቄ የሚነሡት ወንዞች አፈሩን ወደ ዓባይ ያወርዱታል፣ ዓባይም ወደ ሱዳንና ግብፅ ሲወስደው ኖሯል፤ የናይል ዴልታ ጭቃ አብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋ አፈር ነው። አሁን ያ ደለል ሌላ ማረፊያ አግኝቷል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ሐይቅ ፈጥሯል፤ ከጎንቻ ማሳ የታጠበ አፈርና አብሮት የወረደ ቅጠል፣ ዘርና አጥንት ቅሪተ አካል የመሆን ዕድል ካለው ዕድሉ ያለው በዚያ ሐይቅ ግርጌ እንጂ በተወለደበት ሜዳ ላይ አይደለም። ሩቅ ዘመን መጥቶ ያን ደለል የሚያጠና ሰው ቢኖር የጎጃምን ሕይወት የሚያነበው ከጉባ ጭቃ ይሆናል። የሞቱበትና የተቀበሩበት ቦታ አንድ አለመሆኑ ቅሪተ አካልን ለሚያነብ ሁሉ የመጀመሪያው ጥንቃቄ ነው።

ይሁን እንጂ ደጋው ሁልጊዜ ደጋ አልነበረም። ዓባይ ይህን ያጋለጠው እስከ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል የሚደርስ ጥልቀት ቆፍሮ ነው። ወንዙ ወደ ደጀን በወረደ ቁጥር ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር ያሉት ንብርብሮች እየተገለጡ ይሄዳሉ፤ ከደጀን ወደ ጎሃ ጽዮን የሚጠማዘዘው መንገድም ሁሉንም ያቋርጣቸዋል። ከላይ ባዛልቱ፣ ከሥሩ የደብረ ሊባኖስ ተብሎ የተሰየመው አሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ የሙገር ጭቃ ድንጋይ፣ ከዚያ ብዙ መቶ ሜትር የሚወፍር ግራጫና ቢጫማ የኖራ ድንጋይ፣ ከሱ በታች ከሸክላ ድንጋይ ጋር የተፈራረቀ ጂፕሰም፣ ከሁሉም ግርጌ ቀይ አሸዋ ድንጋይ። የኖራ ድንጋዩ አንታሎ የሚባለውን ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1868 ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ መቅደላ ከዘመተው ከጂኦሎጂስቱ ዊሊያም ብላንፎርድ ነው፤ የጂፕሰሙን ንብርብር የጎሃ ጽዮን ብሎ በወጉ የለየው ደግሞ ኢትዮጵያዊው ጌታነህ አሰፋ ነው። የኖራ ድንጋዩ በባሕር ፍጥረት የተሞላ ነው፤ የኦይስተር ዘመዶች፣ ብራኪዮፖድ የሚባሉ ባለ ሁለት ክዳን ፍጥረቶች፣ ቀንድ አውጣዎች፣ የባሕር ጃርት፣ ኮራል። ዕድሜው ከ165 እስከ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ያን ጊዜ አፍሪካ፣ ሕንድና ማዳጋስካር አንድ ላይ ከነበሩበት ታላቅ አህጉር መላቀቅ ጀምረው ነበር፤ መሬቱም ሲዘቅጥ ባሕር ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ፣ በዛሬው ሶማሊያና ኦጋዴን በኩል ገብቶ እስከ ጎጃም ደረሰ። ደጀን አካባቢ እየተፈጨ ለአሲዳማ ማሳ የሚበተነው ኖራ የዚያ ባሕር ወለል ነው። ገበሬው አሲዱን የሚያሸንፈው በጥንት ዛጎሎች ነው፤ የገዛ መሬቱ አጥንት ያሟሟል፣ የባሕሩ አጥንት ግን መሬቱን ያክማል። ሲሚንቶ የሚሆነውም ይኸው ዓይነት ድንጋይ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ አንባቢ በልቡ የሚያነሣው ጥያቄ አለ፤ ዛጎል በተራራ ላይ መገኘቱ የኖኅን ዘመን የጥፋት ውኃ አያስረዳምን? ጥያቄው ክብር ይገባዋል፤ በአውሮፓም ለዘመናት የተማሩ ሰዎች የመለሱት እንዲሁ ነበር። ነገር ግን ድንጋዩ ራሱ ሌላ ይመሰክራል። ጂፕሰም የሚወለደው ከጥልቅ ውኃ አይደለም፤ የባሕር ውኃ በተከለለ ጥልቀት በሌለው ቦታ ላይ ፀሐይ እያገኘው አብዛኛው ሲተን፣ የሟሟው ጨው ሲከማች ነው የሚረጋው። በዓባይ ገደል ጂፕሰሙ ከሸክላ ድንጋይ ጋር ደጋግሞ ተፈራርቋል፤ ማለትም ውኃው መጣ፣ ደረቀ፣ ተመልሶ መጣ፣ ደግሞ ደረቀ። ሁሉን በአንድ ጊዜ የሸፈነ ጎርፍ በመካከሉ ደጋግሞ ሊተን አይችልም። ከሱ በላይ ያለው የኖራ ድንጋይም የሚናገረው ስለ ሰከነ ኑሮ ነው። ኮራል ሥር ሰዶ ለማደግ፣ በጭቃ ውስጥ የሚኖር ፍጥረት ጉድጓድ ለመማስ፣ አንዱ ዛጎል ሞቶ ሌላው በላዩ ለመጣበቅ ጸጥ ያለ ውኃና ረጅም ዓመታት ያስፈልጋሉ። ዛጎሉ ወደ ተራራ አልወጣም፤ ተራራው ነው ከሥሩ የተነሣው። የሃይማኖቱ ትምህርት በሰውና በፈጣሪ መካከል ስላለው ነገር ነውና ይህ ማስረጃ አይነካውም፤ ይህ ማስረጃ የሚመልሰው ይህ ድንጋይ እንዴት ተሠራ የሚለውን ብቻ ነው።

ባሕሩ ሲሸሽ ዳርቻው ወንዝና ረግረግ ሆነ፤ የሙገር ጭቃ ድንጋይ የዚያ ዳርቻ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፣ ከዓባይ ገባሮች በአንዱ ሸለቆ፣ የካሊፎርኒያው ተመራማሪ ማርክ ጉድዊንና ባልደረቦቹ በዚህ ድንጋይ ውስጥ ዳይኖሰር አገኙ። ያገኙት በሙዚየም የሚቆም ሙሉ አጽም አልነበረም፤ ጥርስ ነበር። የሥጋ በልና የሣር በል ዳይኖሰሮች ጥርስ፣ የዓሣና የአዞ ቅሪት፣ የኤሊ ስብርባሪ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ከዚያው ድንጋይ የአንዲት ትንሽ አጥቢ እንስሳ ቅሪት ታተመ፤ በኢትዮጵያ የተገኘ የመጀመሪያው የጁራሲክ ዘመን አጥቢ። ጥርስ የበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። የጥርስ ልባስ በአካል ውስጥ ካለው ሁሉ ጠንካራው ነው፤ ወንዝ ሲያንከባልለው አጥንት ይደቃል፣ ጥርስ ይተርፋል፤ ዳይኖሰርም ዕድሜውን ሙሉ ጥርስ እየጣለ ሌላ ያበቅላል። ስለዚህ በዚያ ድንጋይ ውስጥ ካለው የጥርስ ብዛት ተነሥቶ እንስሳቱ ይህን ያህል ነበሩ ማለት አይቻልም፤ እነዚህ እንስሳት ነበሩ ማለት ግን ይቻላል። እኔ ከዚህ ግኝት ትልቁን ዋጋ የምሰጠው ለትንሿ አጥቢ ነው። በደጋው ሥር ያለውን ድንጋይ በወንፊት አጥቦ የምስር ፍሬ የሚያክል ነገር የሚፈልግ ሰው ባይመጣ ኖሮ ያ ንብርብር በዓለም ፊት ዝም እንዳለ ይቀር ነበር። ዝምታው የፈላጊ እጦት ነበር።

ከዚያ በኋላ እሳቱ መጣ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት መሬት ተሰንጥቆ የፈሰሰው ቅልጥ ድንጋይ ዛሬ ሰሜናዊ ምዕራብ ኢትዮጵያ የምንለውን አብዛኛውን ሸፈነው፤ ውፍረቱ በአንዳንድ ቦታ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፣ አብዛኛውም በአንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ እንደ ፈሰሰ፣ ኋላ የምናየው የአርጎን መለኪያ ያሳያል። ጉንደ ወይን የቆመችው በዚህ ላይ ነው፤ ጮቄም ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በዚሁ ላይ የተጨመረ እሳተ ገሞራ ነው። ከሺህ ዲግሪ በላይ የሚግል ፈሳሽ ያገኘውን ሕያው ነገር ያቃጥላል፤ ባዛልት ውስጥ ዛጎል የማይፈለገው ለዚህ ነው። ግን ፍሰቱ በአንድ ትንፋሽ አልፈሰሰም። አንዱ ፍሰት ከበረደ በኋላ ሌላው እስኪመጣ ሺህ ዓመታት ያልፋሉ፤ ሲቆይም ከዚያ ይበልጣል። በዚያ ፋታ ድንጋዩ ይበሰብሳል፣ አፈር ይሆናል፣ ደን ይበቅላል፣ የተዘጋ ሸለቆ ሐይቅ ይቋጥራል። ከዚያ የሚቀጥለው ፍሰት ወይም አመድ ይመጣና ይከድነዋል። በገደል ላይ በሁለት ጥቁር ንብርብር መካከል ቀላ ያለ ወይም ነጣ ያለ ስስ መስመር የሚታየው ይህ ፋታ ነው። በወሎ ደላንታ፣ ወገል ጤና አጠገብ፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ኦፓል የሚቆፈርበት ንብርብርም በእንዲህ ያለ የእሳተ ገሞራ አመድ ድርድር ውስጥ ያለ ነው፤ ከከበረው ድንጋይ ውስጥም የተክል ቅሪት ይገኛል።

የዚህ ፋታ ትልቁ ምስክር ጭልጋ ነው። ከጎንደር በስተ ምዕራብ፣ ጉንደ ወይን በቆመችበት በዚያው የእሳተ ገሞራ ደጋ ላይ፣ የድንጋይ ከሰል ያለበት የጥንት ሐይቅና ወንዝ ደለል አለ፤ ዕድሜው ወደ 27 ሚሊዮን ዓመት። ይህ ደለል ከመጠናቱ በፊት የአፍሪካና የዓረቢያ የእንስሳት ታሪክ ከ32 እስከ 24 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ ጨለማ ነበር፤ ከጨለማው በፊት አንድ ዓይነት እንስሳት፣ ከጨለማው በኋላ ከእስያና ከአውሮፓ የመጡ ሌላ ዓይነት እንስሳት። ጆን ካፔልማን የመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተመው የጭልጋ ግኝት በዚህ ጨለማ መካከል ብርሃን አበራ። በአፍንጫው ላይ ሁለት ግዙፍ ቀንድ ያለው አርሲኖይቴሪየም፣ የዛሬ ሽኮኮ ዘመድ የሆኑ ነገር ግን አንዳንዶቹ እጅግ የገዘፉ እንስሳት፣ ከሁሉም በላይ ብዙ ዓይነት የዝሆን ወገን፣ ከነሱም አንዱ ቺልጋቴሪየም ተብሎ በአካባቢው ስም የተሰየመ። ዝሆን ከአፍሪካ ወጥቶ ዓለምን ከመሙላቱ በፊት በዚህ ደጋ ላይ ወገን ለወገን እየተለየ እንደ ነበር ያወቅነው ከዚህ ነው። ስምንት ሚሊዮን ዓመት ሙሉ ባዶ የነበረው ገጽ ባዶ የነበረው እንስሳ ጠፍቶ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ነገር ግን ከዚህ ላይ የከበደ ተቃውሞ ይነሣል፤ ክርክሬን የሚፈትነውም እሱ ነው። አለመገኘት አለመኖርን አያሳይም ካልን፣ የቅሪተ አካል ሳይንስ ራሱ በምን ይቆማል? እንግዳ እንስሳት ወደ አፍሪካ የገቡት ከ27 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ ነው የሚባለው ጭልጋ ላይ ስላልተገኙ አይደለምን? በአንድ በኩል ዝምታን ውድቅ እያደረጉ በሌላ በኩል ዝምታን ማስረጃ ማድረግ አይሆንም። መልሱ ሁለቱ ዝምታዎች የሚለዩበት መንገድ መኖሩ ነው። ጭልጋ ላይ ዝሆንና አርሲኖይቴሪየም ተቀብረዋል። ያ ጭቃ የትልቅ ሣር በል እንስሳ አጥንትና ጥርስ መያዝ እንደሚችል ተረጋግጧል ማለት ነው። የአውራሪስና የቀንድ ከብት ወገኖች በዚያው ጫካ ቢኖሩ ኖሮ በዚያው ጭቃ ሊቀበሩ በተገባ ነበር፤ አካላቸው በመጠንም በጥንካሬም አያንስም። ስለዚህ የነሱ መጥፋት ይናገራል። የጎጃም ባዛልት ግን ምንም ዓይነት እንስሳ አልያዘም፤ ሊይዝም አይችልም፤ የሱ ዝምታ ስለ ማንም አይናገርም። መመዘኛው ይህ ነው፤ አንድ ነገር ጠፋ ከማለት በፊት ያ ዐለት እሱን የመሰለ ሌላ ነገር ይዞ መገኘት አለበት። ይህ መመዘኛ ሁሉን ጥርጣሬ አያስወግድም፤ ነገ አንድ የአውራሪስ ጥርስ ከጭልጋ ቢወጣ ቀኑ ይገፋል። ግን እንዲህ በአንድ ጥርስ ሊፈርስ የሚችል መሆኑ ነው አባባሉን ዕውቀት የሚያደርገው።

በደጋው ላይ አጥንት ብቻ የሚፈልግ ሰውም ብዙ ያመልጠዋል። በሰሜን ሸዋ፣ በሙሽ ሸለቆ፣ የ21.7 ሚሊዮን ዓመት የሐይቅ ደለል በቅጠል ተሞልቷል። ይህ ጮቄ ከተሠራበት ዘመን ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ጎጃም ላይ እሳተ ገሞራው ሲያንቦገቡግ፣ ከዓባይ ማዶ ባለው ደጋ ሐይቅ ተኝቶ ነበር፣ በዙሪያውም የባቄላ ወገን የሆኑ ዛፎች የበዙበት ደን። ቦኒ ጃኮብስ፣ ኤለን ኩራኖና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሙሉጌታ ፍሥሐ ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ለዓመታት ያጠኑት ይህ ስፍራ ከብዙ አጥንት የማይገኝ ነገር ሰጥቷል። ቅጠሎቹ ላይ ነፍሳት የቀደዱት፣ የበሱት፣ በውስጡ መንገድ የቆፈሩበት ምልክት ይታያል። ትል ራሱ አልቀረም፤ ቁርሱ ግን ቀርቷል። ከዚህም ይራቀቃል። ቅጠል በገጹ ላይ አየር የሚያስገባባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ ብዛታቸውና መጠናቸው በአየሩ ውስጥ ካለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ጋር ይያያዛል። ተክኤ ተስፋሚካኤልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት የጭልጋንና የሙሽን ቅጠሎች ለክተው፣ ከ27 ሚሊዮን ዓመት በፊት በአየር ውስጥ ከሚሊዮን እጅ ወደ 390 የነበረው ጋዝ ከ22 ሚሊዮን ዓመት በፊት ወደ 870 መድረሱን አሰሉ፤ በመካከሉ ዓለም ሞቃለች። የዓለም አየር ታሪክ አንድ ክፍል የተጻፈው በአማራ ክልል ደጋ ላይ ከወደቁ ቅጠሎች ነው። ይህን ከሉሲ ያነሰ ታሪክ ነው የሚል ካለ መመዘኛውን መጠየቅ ይገባል። ሉሲ ስለ አንድ ወገን ትናገራለች፤ እነዚህ ቅጠሎች የሚናገሩት ሁሉም ስለሚተነፍሰው አየር ነው።

ዕድሜው በምን ይታወቃል የሚለውም የሚገባ ጥያቄ ነው፤ ቅጠልም ዛጎልም ቀን ጽፎ አልሞተም። እንዲህ ያለ ጥንታዊ ቅሪተ አካል ብዙውን ጊዜ በቀጥታ አይለካም። የሚለካው ከላዩና ከሥሩ ያለው አመድ ወይም የፈሰሰ ድንጋይ ነው። በእሳተ ገሞራ ማዕድን ውስጥ ያለ አንድ ዓይነት ፖታሲየም በታወቀ ፍጥነት ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል፤ ድንጋዩ ሲቀልጥ አሮጌው ጋዝ ይወጣል፣ ሲጠነክር አዲሱ መጠራቀም ይጀምራል፤ የተጠራቀመውን የለካ ከጠነከረበት ጊዜ ወዲህ ያለውን ዘመን ያውቃል። በሁለት የተለካ ንብርብር መካከል ያለው ቅጠል ዕድሜው በሁለቱ መካከል ነው። የሚገርመው፣ ቅሪተ አካልን የሚያቃጥለው ያው እሳተ ገሞራ ቅሪተ አካልን ዕድሜ የሚሰጠው መሆኑ ነው። በዚህ ረገድ የጎጃም ደጋ ከብዙ አገር የተሻለ ነው፤ በንብርብሮቹ መካከል የሚገኝ ማንኛውም ደለል ከላይና ከታች የሚለካ ዐለት አለው።

ይህ ማለት በጎንቻና በአካባቢው ሊታይ የሚገባው ጥቁሩ ድንጋይ ሳይሆን በጥቁሩ ድንጋይ መካከል ያለው ነው። ወንዝ በቆረጠው ገደል፣ ለመንገድ በተቆረሰ ግድግዳ፣ ለውኃ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ነጣ ያለ፣ እንደ ገጽ የሚገለጥ ደለል፣ የከሰል ስስ ንብርብር፣ ክብደቱ ከእንጨት ይልቅ ድንጋይ የሆነ ግንድ፤ እነዚህ ናቸው የሐይቅና የደን ምልክቶች። እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው ቀድሞ ማድረግ ያለበት አለማንሣት ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅሪተ አካል ቅርስ ነው፤ ያለ ፈቃድ መቆፈርና መሸጥ የተከለከለ ነው፤ ያገኘውንም ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይቻላል። ከሕጉ በላይ ግን አለማንሣቱ የራሱ ምክንያት አለው። ከቦታው የተነሣ ቅጠል በየትኛው ንብርብር እንደ ነበረ፣ ከየትኛው አመድ በላይ ከየትኛው በታች እንደ ተኛ አይታወቅም፤ ያኔ ማንም ሊለካው አይችልም። ስልክ ያለው ሰው ገደሉን በሙሉ፣ ከዚያ ንብርብሩን፣ ከዚያ ቅሪቱን ቢያነሣና ቦታውን ቢመዘግብ፣ ድንጋዩን ግን እንዳለ ቢተወው፣ ኋላ የሚመጣው ባለሙያ አመዱን ከላይና ከታች ወስዶ ዕድሜውን ሊያወጣለት ይችላል።